የአክስቴ ህልም፣ የእኔ ሻንጣ፦ አቡ ሲምበል መጀመሪያ ይሁን መጨረሻ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ወሬው ግን ሊረዝም ይችላል፤ ታገሱኝ።

አክስቴ ጡረታ የወጣች የታሪክ አስተማሪ ናት። ስልሳ አምስትን አልፋለች፣ ግራ ጉልበቷ ያስቸግራታል፣ ምላሷ ግን ምንም አልሆነም። ስታስተምር በነበረበት ዘመን ሁሉ ለተማሪዎቿ የምታሳየው አንድ ፎቶ አላት። ከመጽሔት የተቆረጠ ነው፣ ጠርዙ አልቆ በፕላስተር ተለጣጥፏል። ፎቶው ላይ ከአለት የተፈለፈሉ አራት ግዙፍ ንጉሦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አራቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ዳግማዊ ራምሴስ። ቦታው ግብፅ፣ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ።

ሰው ራምሴስን የምትወደው ይመስለዋል። አይደለም። የእሷ ጉዳይ ከሦስት ሺህ ዓመታት በኋላ የተደረገው ነገር ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ ውሃው ቤተ መቅደሱን ሊውጠው ነበር። በዩኔስኮ አስተባባሪነት ብዙ አገሮች ገንዘብ አዋጡና እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 ድረስ ተራራውን በመጋዝ ቆራርጠው፣ ከሺህ የሚበልጡ ትልልቅ ብሎኮች አድርገው፣ 65 ሜትር ያህል ከፍ፣ 200 ሜትር ያህል ደግሞ ወደኋላ ወስደው መልሰው ገጣጠሙት። አክስቴ ማየት የምትፈልገው መጋጠሚያውን ነው። በቃ። የተቆረጠበት መስመር በዓይን ይታያል ወይስ አይታይም፤ ይህን ሳላይ አልሞትም ትላለች።

ዘንድሮ ልጆቿ ገንዘብ አዋጡና ልትሄድ ነው። አብሬያት የምሄደው እኔ ነኝ። ማንም ፈቃዴን አልጠየቀኝም፤ ተነገረኝ።

እውነቱን ለመናገር የድንጋይ ሰው አይደለሁም። ምርጫው የእኔ ቢሆን ቀይ ባሕር ዳር ተጋድሜ እመለስ ነበር። ግን ጉዞው የእሷ ነው። አቋሜን ላስቀምጥና እናንተ ደግሞ ስደቡኝ፦ በሰው ህልም ላይ አጃቢ ሆኖ የሄደ ሰው ሥራው ሻንጣ መያዝ፣ መድኃኒት ማስታወስ፣ አፉን መዝጋት ነው። ጥያቄዬ ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ካይሮ፣ ሉክሶር፣ አስዋን እያሉ ወደ ደቡብ ሲወርዱ አቡ ሲምበል የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከአስዋን 280 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ለሱዳን ድንበር ቅርብ ነው። ያየኋቸው የጉዞ ፕሮግራሞች ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው የሰኩት። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ይሁን ባይ ነኝ። ጉልበቷ ሳይዝል፣ ሆዷ ሳይረበሽ፣ እኔና እሷም ሳንኮራረፍ። ምን ትላላችሁ?

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ምላሹ ጎረፈ። ዘግይታችሁ ለገባችሁ ሰዎች ቁጥሩን እየጠራሁ ላውራችሁ። የሰው ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ እኔ በገባኝ መንገድ ነው።

ምላሽ 1 የጨዋ ሰው ነው። አክስቴን እንኳን ደስ ያላቸው ብሎ ጀመረና አባቱን ፔሩ፣ ማቹ ፒቹ ስለወሰደበት ጉዞ አወራን። ህልሙ የአባትየው ነው። ልጅ ሆዬ ዋናውን ለመጨረሻ እናቆየው ብሎ ኩስኮ ከተማ ላይ ብዙ ፕሮግራም ደረደረ። አባትየው ከአውሮፕላን በወረዱ ማግስት ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ እንቅልፍ ማጣት ያዛቸው። የከፍታ ሕመም ነው። ማቹ ፒቹ የደረሱ ቀን ሰውየው የሚፈልጉት የሚታየውን ድንጋይ ሳይሆን የሚቀመጡበትን ነበር። ስለዚህ ከእኔ ጋር ነው፤ ህልሙ ይቅደም።

ምላሽ 2 ተቃራኒ ናት። እናቷን ፓሪስ ይዛ ሄዳ የኤፍል ማማን በመጀመሪያው ቀን አሳየቻቸው። ከዚያ በኋላ የታየው ሁሉ ለእናቷ የትናንት ወጥ ሆነባቸው። ቤተ መንግሥቱንም ወንዙንም እያዩ ስለ ማማው ያወሩ ነበር። የእሷ ምክር ትልቁን ነገር ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀን ማድረግና አንድ መጠባበቂያ ቀን መተው ነው። አየሩ ቢበላሽ፣ መኪና ቢሰበር፣ ሰው ቢታመም ነገ አለ።

ምላሽ 3 ቁጥር ይዞ መጣ። ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ማቹ ፒቹ ግን 2,430 ሜትር አካባቢ። ፍርስራሹ ከከተማው ወደ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው። የ1ኛው ሰው አባት የታመሙት ህልማቸው መጨረሻ ላይ ስለተደረገ ሳይሆን ከፍተኛው ቦታ ላይ ቀጥ ብለው አርፈው እዚያው ስለከረሙ ነው፤ እንደወረዱ ወደ ሸለቆው ዝቅ ብለው ማደር ነበረባቸው አለ። በምላሽ 4 የመጀመሪያው ሰው ተመልሶ፣ በጨዋ ደንብ ግን ትንሽ ከረር ብሎ፣ ያም ሆነ ይህ መጀመሪያ ወደ ማቹ ፒቹ ቢሄዱ ኖሮ አባቱ ደህና ሆነው ያዩት ነበር ሲል መለሰ። ሁለቱም ያሉት ወደ አንድ ቦታ የሚወስድ ይመስለኛል፣ እነሱ ግን አልተስማሙም።

ከ5 እስከ 7 ያሉት ስለ ዝግ ቀን ናቸው። አንዷ አያቷን ሕንድ፣ ታጅ ማሃል ያደረሰቻቸው አርብ ቀን ነው። ታጅ ማሃል አርብ ለጎብኚ ዝግ ነው። አያትየው ከወንዙ ማዶ ሆነው አዩት። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ ይዘጋል አለ ቀጣዩ። የቫቲካን ሙዚየሞች ደግሞ ከወሩ የመጨረሻ እሁድ በቀር እሁድ እሁድ ዝግ ናቸው አለች ሌላዋ። አጃቢ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ እዚህ ጋ ነው። ህልመኛው ሃምሳ ዓመት ሲያልም የሥራ ቀን አያጣራም፤ ያንን የምታጣራው አንተ ነህ።

ምላሽ 8 ለእኔ ወርቅ ነው። ሰውየው ቦታውን በደንብ ያውቀዋል። ብዙው ሰው ከአስዋን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም በአውቶቡስ ይነሳል፣ ሦስት ሰዓት ከምናምን በበረሃ ይነዳል፣ ሁሉም ባንዴ ይደርሳል፣ ተጋፍቶ ያያል፣ ከዚያ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ጉልበቷ ለሚያማት ሴት ያን ያህል ሰዓት እግር አጥፎ መቀመጥ ብቻውን ቅጣት ነው። የእሱ ሐሳብ እዚያው ትንሿ ከተማ ውስጥ ማደር ነው። አውቶቡሶቹ ከሄዱ በኋላ ከሰዓት ላይ ግቢው ይለቃል፣ ማታ የድምፅና የብርሃን ትርዒት አለ። ዋናው ጉዳይ ግን ጠዋቱ ነው አለ። የቤተ መቅደሱ ፊት ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። ፀሐይ ግድቡ ከፈጠረው ከናስር ሐይቅ ማዶ ስትወጣ ብርሃኗ በቀጥታ አራቱ ፊቶች ላይ ያርፋል። ከሰዓት በኋላ የሄደ ሰው የሚያየው ጥላ ያጠላበትን ነው።

ስለ መጋጠሚያውም ጻፈ፣ አክስቴን ያስደሰታትም ይህ ነው። ከፊት ለፊት ያለው ክፍተት ከአሸዋ ጋር በተቀላቀለ ሲሚንቶ መሰል ነገር ስለተሞላ ከሩቅ አይለይም፤ ተጠግቶ የት እንደሚያይ ለሚያውቅ ሰው ግን ይገኛል። ከአራቱ ሐውልቶች አንዱ፣ ከመግቢያው አጠገብ በስተግራ ያለው፣ ከወገቡ በላይ የለም። በጥንት ዘመን በመሬት መንቀጥቀጥ ተሰብሮ ጭንቅላቱ እግሩ ሥር ወድቋል። ሲያዛውሩት አልጠገኑትም። የወደቀውን ቁራጭ እንደወደቀ በአዲሱ ቦታ አስቀመጡት። አክስቴ ይህን ስነግራት ከመቀመጫዋ ተነሳች። በዚያ ጉልበት!

ምላሽ 9 በስሜት ተሞልቶ የካቲት ወይም ጥቅምት ላይ ሂዱ አለን። በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 22 እና ኦክቶበር 22 ቀን ጠዋት ፀሐይ 60 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ዘልቃ መጨረሻ ክፍል ያሉትን አራት ሐውልቶች ታበራለች፤ አክስትህ ይህን ካላዩ ምን አዩ ይባላል አይነት ነገር። ምላሽ 10 ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ቸለሰበት። የሚበሩት አራቱም አይደሉም፣ ሦስቱ ናቸው። ፕታህ ከጨለማ ጋር የተያያዘ አምላክ ስለሆነ ጥላ ውስጥ ይቀራል። ብርሃኑ የሚቆየው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያ ቀን ደግሞ ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ውስጥ ገብቶ ቆሞ የማየት ዕድል ሳይኖር እየተገፋ ያልፋል። የሚያማት ጉልበት ያለባትን ሰው ለዚያ ሰልፍ መዳረግ ግፍ ነው ብሎ ዘጋው። ለእኔም ነገሩ እዚያው አለቀ። አክስቴ የመጣችው ለብርሃኑ አይደለም።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ።

ምላሽ 11 ያለ ሰላምታ ነው የገባው። ድንጋይ የማይወድ ሰው ድንጋይ ለማየት ለምን ይሄዳል የሚል ነው ነገሩ። ስለ ቀይ ባሕር ያነሳኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ከንክናዋለች። እንደ እሱ አባባል አሮጊቷ የተሰላቸ ሰው ጎናቸው ቆሞ ሰዓቱን ሲያይ ከሚያዩ ብቻቸውን ቢሄዱ ይሻላቸዋል፤ መሰላቸት ከማዛጋት ፈጥኖ ይተላለፋል። ምላሽ 12 ለእኔ ቆመች። አስታማሚ በሽታውን መውደድ አይጠበቅበትም፣ ክኒኑን በሰዓቱ ካቀበለ በቂ ነው አለች። ምላሽ 13 ያው 11 ነው፤ ጉዞን ከበሽታ ጋር ማመሳሰሏ ራሱ የእሱን ነጥብ እንደሚያረጋግጥ ነገራት። ሰውየው ባለጌ ነው፣ ግን መላ የውይይት ክሩ ላይ ያልተመለሰ ነገር ቢኖር የእሱ ነው። የማትወደውን ነገር ደስ ብሎህ እንዴት ታያለህ? የእኔ መልስ ድንጋዩን አላይም የሚል ነው። እኔ የማየው ድንጋዩን ስታይ እሷን ነው። ይህን ስጽፍለት የሳቅ ምልክት ላከልኝ።

ቀጥሎ የመጣውን ምላሽ 14 ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊዋ ትልቅ ሴት ናቸው። እስከዚህ ድረስ የጻፍነው ሁሉ አጃቢዎች ነበርን፤ እሳቸው ግን ህልሙ የራሳቸው የነበረ ሰው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ዮርዳኖስ፣ ፔትራ ወሰደቻቸው። ፔትራን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሲቅ በሚባል ጠባብ ገደል ውስጥ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ፣ ግራና ቀኙ ከፍታው የትየለሌ ነው፣ መጨረሻው ላይ በስንጥቁ መሃል ያ ከአለት የተፈለፈለ፣ አርባ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው፣ ናባቴያውያን የሚባሉ የጥንት ሰዎች ሥራ ድንገት ብቅ ይላል። ሴትየዋ ያቺን ቅጽበት ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ ኖረዋል። ልጅቷ ደግሞ ያቺን ቅጽበት ለቤተሰብ ልትቀርጽ ፈለገች። ቀድማ ሮጠች፣ ስንጥቁ ፊት ዞራ ቆመች፣ ስልኳን ወደ እሳቸው ፊት ደገነች። እሳቸው ታዲያ መጀመሪያ ያዩት ስልኩን ነው። ከዚያም ልጅቷ እንዳትከፋ መደነቅ ነበረባቸው። ተደነቁላት።

በዚህ አላበቃም። ልጅቷ በየአሥር እርምጃው ደከመዎት ወይ ትላለች። ላይ ያለው ገዳም የሚባለው ቦታ ስምንት መቶ ገደማ ደረጃ አለው። እሳቸው እስከቻሉት ወጥተው ያልቻሉ ቀን ሊመለሱ አስበው ነበር። ልጅቷ ግን ከሆቴል ሳይወጡ ያ ለእርስዎ አይሆንም ብላ ወሰነች። ፔትራን አይተው ተመለሱ፣ ሰው ሁሉ አመስግኗት አልጠገበም፣ እሳቸውም አመሰገኗት። አሁንም ድረስ የሚቆጫቸው ግን ድካሙ አይደለም፤ ደክመው ለመቀመጥ ዕድል አለማግኘታቸው ነው። ለእኔ የሰጡኝ ምክር አንድ ነው። እዚያ ስትደርሱ አንድ ሰዓት ያህል ተዋት። ከዓይኗ ሳትርቅ፣ ከጎኗ ሳትሆን።

ይህን ያነበበ ሰው ዝም ይላል ብዬ ነበር። የት ተሁኖ! ምላሽ 15 ስምንት መቶ ደረጃ ላይ ቢወድቁ ቤተሰቡ ማንን ነበር የሚበላው ብላ ተነሳች። እሷም አንዴ እናቷን እንደፈለጉ ይሁኑ ብላ ለቅቃ፣ እናቷ ቁርጭምጭሚታቸው ዞሮ፣ ወንድሞቿ እስካሁን በዚያ እንደሚወቅሷት ጻፈች። የእሷም እውነት ነው። አጃቢ ከህልሙ ድርሻ የለውም፣ ከአደጋው ግን አለው። ሴትየዋ በምላሽ 16 ሲመልሱ አልተቆጡም። ወቀሳውን እሳቸው ራሳቸው ከመሄዳቸው በፊት ሊያወርዱላት ይችሉ እንደነበር፣ ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ብወድቅ በራሴ ነው ብለው መናገር እንደነበረባቸው ጻፉ። ይህን ለአክስቴ ነገርኳት። የዚያኑ ቀን ለልጆቿ በቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የድምፅ መልእክት ላከች። ሙሉውን እዚህ አልደግመውም፤ ማስፈራሪያ ይበዛዋል።

ምላሽ 17 ስለ ፎቶ ጀመረ፣ ሰው ግን አላስጨረሰውም፤ ከዚያ እስከ 23 ድረስ ክሩ ጊዛ ፒራሚዶች ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ። 18ኛው ሰው ፒራሚዶቹን ባሮች ስለሠሯቸው ቤተሰቤን እዚያ ወስጄ አላስጨበጭብም የሚል ነገር ጻፈ። 19ኛዋ እ.ኤ.አ. በ1990 ጊዛ አጠገብ የሠራተኞቹ መቃብር እንደተገኘ፣ ከንጉሡ ፒራሚድ ብዙም ሳይርቅ በክብር የተቀበሩ ሰዎች እንደሆኑ፣ የሚኖሩበት መንደርና ዳቦ የሚጋገርበት ቦታም ተቆፍሮ እንደወጣ አስረዳችው። ጥሩ ምላሽ ነበር፣ እዚያ ላይ ማቆም ነበረብን። 20ኛው ግን የሠሯቸው ከሌላ ፕላኔት የመጡ ናቸው አለ። 21ኛው የኩፉ ፒራሚድ ቁመቱ 146 ሜትር እንደሆነ ጠቅሶ ይህን ሰው አይሠራውም አይነት ድጋፍ ሰጠው፤ 22ኛው የዱሮ ቁመቱ ነው እንጂ አሁን ጫፉ ስለፈረሰ 138 ሜትር ገደማ ነው፣ ከሌላ ፕላኔት የመጡት ጫፉን ማጠንከር አቃታቸው ወይ ብሎ አላገጠ። ከዚያ ስድብ ሆነ። 23 አድሚኑ ነው። ሦስት ምላሽ አጥፍቶ ወደ አክስትዬው ተመለሱ ብሎ አዘዘ።

ምላሽ 24 የገንዘብ ነገር ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። ታላቅ እህቱ ውጭ ሆና ከፈለች፣ ከዚያ በየማታው ቪዲዮ ላክ፣ ለምን እዚያ አልሄዳችሁም እያለች በስልክ መራችው። 25ኛው የከፈለ ይመራል አለ። እኔ አልስማማም። የከፈለ ከፍሏል፤ ስጦታ ከሰጡት በኋላ ገመድ አይታሰርበትም።

ምላሽ 26 ግን ማንም ያላሰበውን አነሳች። ህልሙ ቢያሳዝንስ? አጎቷ ሞና ሊዛን ለማየት ብለው ሉቭር ድረስ ሄዱ። ሥዕሏ ቁመቷ 77፣ ወርዷ 53 ሴንቲ ሜትር ናት፤ ከመስታወት ጀርባ፣ ስልኩን ከፍ ካደረገ ሕዝብ ማዶ። አጎትየው ተራቸው ደርሶ ፊት ለፊቷ ሲቆሙ ጠባቂዎቹ እለፉ አሏቸው። ሲወጡ ምንም አልተናገሩም። እሷ ደንግጣ ቆንጆ ናት አይደል፣ ፈገግታዋ አይገርምም እያለች ለፈለፈች፣ ባወራች ቁጥር አጎትየው የበለጠ ዝም አሉ። 27ኛው ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ የሚሻለው ምሳ መጋበዝ ነው ብሎ ቀለደ። አስቦበት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ትክክል ነው ባይ ነኝ። የሰው ኀዘን ላይ ፈጥኖ ቀለም መቀባት የአጃቢ ትልቁ በሽታ ነው። መጋጠሚያው ባይታያትስ? አላውራ። እሷ ስታወራ ልስማ።

ምላሽ 28 ነርስ ነች፣ ጣጣውን ሁሉ ዘረዘረችልኝ። መድኃኒት የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ሻንጣ፣ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር። አውሮፕላን ውስጥ በየተወሰነ ጊዜ ተነስታ ትንቀሳቀስ። የአየር ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር ቲኬት ሲቆረጥ ይጠየቃል፣ በዕለቱ ሲጠይቁ ላይገኝ ይችላል። አክስቴ አልፈልግም እንደምትል ገምታ፣ ወንበሩ ለጉልበት ሳይሆን ለሰልፍ ነው በላቸው አለችኝ። ሠርቷል! ከፒራሚዱ ውስጥ መግባትን በተመለከተ ቁርጡን ነገረችኝ። ወደ ላይ የሚወጣው መተላለፊያ ቁመቱ 1.2 ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሽቅብ መውጣት ነው፣ አየሩም የታፈነ ነው። ጉልበቷ እንዲያ ከሆነ ከውጭ ትይ። አስዋን ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከኦክቶበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ሂዱ አለች። አቡ ሲምበልም ቢሆን ከመግቢያው ተነስቶ ቤተ መቅደሱ የተገጠመበትን ሰው ሠራሽ ኮረብታ ዞሮ የሚኬድ መንገድ አለ፣ በእግር ነው፣ ስለዚህ ምርኩዝ ይያዝ።

ምላሽ 29 አንድ ጥሩ ነገር ጨመረ። ከሉክሶር እስከ አስዋን በአባይ ላይ በመርከብ ብትሄዱ ሻንጣ አንዴ ትፈታላችሁ፣ አልጋ አትቀያይሩም፣ መርከቡ ራሱ ኤድፉና ኮም ኦምቦ ቤተ መቅደሶች ጋ ያቆማል አለ። 11ኛው ሰው እዚህ ጋ ብቅ ብሎ መርከብ ላይ እንኳ ባሕር የናፈቀው ውሃ ያገኛል ብሎ ወጋኝ። ይሁን።

ምላሽ 30 የእኔ ነው፣ ከአክስቴ ጋር ተነጋግረን የጨረስነውን ጻፍኩ። መጀመሪያ ይሁን ያልኩትን ሰማችና ሳቀች። ፈተና ላይ ከባዱን ጥያቄ መጀመሪያ የሚሠራ ተማሪ ጊዜው እንደሚያልቅበት ብታስተምርም፣ ጉልበት ያለው ተማሪ ግን ከከባዱ እንዲጀምር ትፈቅድ ነበር አለች። የትኛው እንደሆነች አልነገረችኝም። ብቻ የወሰነችው ይህን ነው። ካይሮ እንደደረስን አንድ ቀን ዕረፍት። ከዚያ በአውሮፕላን አስዋን፣ ከአስዋን አቡ ሲምበል፣ እዚያ ሁለት ሌሊት። አንዱ ጠዋት ቢበላሽ ሌላ ጠዋት አለ፤ የ2ኛዋ ልጅ መጠባበቂያ ቀን እንዲህ ገባች። ከዚያ ወደ ደቡብ ሳይሆን ወደ ሰሜን፣ በመርከብ ከአስዋን ወደ ሉክሶር፣ መጨረሻ ካይሮ ተመልሰን ፒራሚዶቹንና እ.ኤ.አ. በ2025 በይፋ የተከፈተውን ታላቁን የግብፅ ሙዚየም ማየት። ህልሟን ካየች በኋላ ሌላው የትናንት ወጥ ይሆንብሻል ስላት፣ እሷ ወጥ ሲያድር እንደሚጣፍጥ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው ብላ ዘጋችኝ። ለ2ኛዋ ልጅ ይድረስ።

አንድ ነገር ላይ አሁንም አልተስማማንም። እሷ መጋጠሚያውን በእጇ መንካት ትፈልጋለች። እኔ ጥንታዊ ቅርስ አይነካም እላለሁ። እሷ መጋጠሚያው እኮ የ1960ዎቹ ሲሚንቶ ነው፣ ከእኔ ያንሳል ትላለች። 31ኛው ሰው ከእሷ ጋር ነው፣ 32ኛዋ ጠባቂዎቹን ታውቋቸዋላችሁ ብላ አስጠንቅቃለች፣ 14 ላይ የጻፉት ሴትዮ ደግሞ ምንም ሳይሉ ልብ ብቻ አስቀምጠዋል።

33ኛው ከነጭራሹ ሌላ ሰው ነው። አማቱ ኢጉዋዙ ፏፏቴን ሊያዩ ስለሆነ ከብራዚል በኩል ይሻላል ወይስ ከአርጀንቲና፣ የዝናብ ልብስስ ያስፈልጋል ወይ ብሎ እዚሁ ጠይቋል። ያስፈልጋል፣ ከሁለቱም በኩል ትበሰብሳላችሁ። ዝርዝሩን ግን ለብቻው ክር ከፍቶ ይጠይቅ፤ አድሚኑ ዛሬ ትዕግስት ያለው አይመስልም።